ጎመኑ ሳይቀቀል ጠርሙሱን መቀቀል

አትክልት በቤቱ ማብላላት የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ጨው አይደለም። ስለ አትክልቱም አይደለም። «ጠርሙሱን ስንት ደቂቃ ልቀቅለው?» ነው። ጀርም መፍራቱ ልክ ነው፤ ማን የማይፈራ አለ። ግን ፍርሃቱ ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። ሰውየው ትልቅ ድስት ይጥዳል፣ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ይነክራል፣ ኩሽናውን በእንፋሎት ይሞላል፣ ላቡ ጠብ እስኪል ይለፋል። ከዚያ ያንን ሁሉ መከራ አይቶ በወጣ ጠርሙስ ላይ፣ መሳቢያ ውስጥ ስንት ጊዜ የከረመ ክዳን በቧንቧ ውሃ ለቅለቅ አድርጎ ይገጥምበታል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አትክልት ለማብላላት ጠርሙሱ ንጹህ መሆን አለበት፤ በደንብ ንጹህ። ሕይወት ካለው ነገር ሁሉ የጸዳ መሆን ግን አይጠበቅበትም። መቀቀሉ አይጎዳም፣ ደስ ካላችሁ ቀቅሉ። ጊዜና ጉልበት ውስን ከሆነ ግን ከድስቱ ይልቅ ብሩሹና ክዳኑ ላይ ቢውል ይሻላል ባይ ነኝ። ይህ የማይሠራባቸው ጉዳዮችም አሉ፤ እነሱንም እመጣባቸዋለሁ።

እስቲ ጎመኑን አስቡት። አንድ ጥቅል ጎመን ትከትፋላችሁ፣ ለኪሎው ከ20 እስከ 25 ግራም ጨው ታደርጉበታላችሁ፣ ውሃውን እስኪያወጣ ታሹታላችሁ፣ ከዚያ ጠርሙሱ ውስጥ ጠቅጥቃችሁ ትከድኑታላችሁ። እርሾ አልጨመራችሁም። ታዲያ የሚያኮመጥጠው ማነው? ቅጠሉ ላይ ከእርሻው ጀምሮ አብሮት የመጣው ባክቴሪያ ነው። መጀመሪያ ሉኮኖስቶክ የሚባለው ይነሳል፤ አሲድና ጋዝ እያመረተ ውስጥ የቀረውን አየር ያስወጣል። አሲዱ ሲበረታ እሱ ይደክምና አሲድ የሚችሉት የላክቶባሲለስ ዘመዶች ይረከቡታል። ጨውና አሲድ የማይችለው ሌላው ተህዋስ በዚህ መሀል ቦታ ያጣል። ሥራው በሙሉ ይኸው ፉክክር ነው። እንግዲህ ያልተቀቀለ፣ ሕይወት የሞላበት፣ አፈር ላይ ያደገ ጎመን የምትከቱበትን ጠርሙስ 20 ደቂቃ መቀቀል ምን ይጨምራል? እውነቱን ለመናገር ብዙም አይጨምርም። በደንብ ታጥቦ ጠርሙሱ ላይ ከቀሩት ጥቂት ተህዋስያን ይልቅ በአንድ እፍኝ ጎመን ላይ ያሉት እጅግ ይበዛሉ።

የመቀቀሉ ልማድ ከየት መጣ ከተባለ፣ ከጎረቤት ሙያ ነው የመጣው። ኒኮላ አፔር የሚባል ፈረንሳዊ ጣፋጭ ሠሪ ነበር። ምግብን ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ፣ በቡሽ ወትፎ፣ ከነጠርሙሱ ውሃ ውስጥ ቀቅሎ ለረጅም ጊዜ ማቆየት እንደሚቻል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1810 የፈረንሳይ መንግሥት 12,000 ፍራንክ ሸለመው፤ ዘዴውንም በመጽሐፍ አሳተመ። ለምን እንደሚሠራ ግን አያውቅም ነበር። ተህዋስያን በዚህ ጉዳይ ውስጥ እጃቸው እንዳለበት ለማሳየት እነ ሉዊ ፓስተር መምጣት ነበረባቸው፤ ፓስተር ስለ ላክቲክ አሲድ መብላላት ያጠናውን ያቀረበው በ1857 ነው። የአፔር ዘዴ ሁሉንም ገድሎ በሩን መዝጋት ነው። የእኛ ደግሞ የምንፈልጋቸውን አኑረን ሌላውን መውጫ መግቢያ ማሳጣት ነው። ሁለቱም ጠርሙስና ክዳን ስለሚጠቀሙ ብቻ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል፤ ማርማላታ ሲሠራ የለመደውን ሥርዓት እንዳለ ወደ ጎመኑ ይዞት ይመጣል። የሚገርመው እዚያው ምግብ በጠርሙስ የማሸግ ሙያ ውስጥ እንኳ፣ ምግቡ ከነጠርሙሱ 10 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀቀል ከሆነ ባዶውን ጠርሙስ አስቀድሞ ማምከን አያስፈልግም፤ ታጥቦ ንጹህ መሆኑ ይበቃል።

«ቦቱሊዝምስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ባክቴሪያ ምግብ ውስጥ በሚያመርተው መርዝ የሚመጣ፣ ሊገድል የሚችል ሕመም ነው፤ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ግን መቀቀሉ ከእሱ አያድንም። መርዙን የሚያመርተው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባለው ባክቴሪያ ክፉ ቀን የሚያሳልፍበት ስፖር አለው፤ ስፖሩ የፈላ ውሃን ለሰዓታት ይቋቋማል። እሱን ለማጥፋት 121 ዲግሪ የሚደርስ የግፊት ማብሰያ ያስፈልጋል። ደግሞም ስፖሩ የሚኖረው አፈር ውስጥ ነው፤ ከመጣ ከካሮቱ ጋር ነው የሚመጣው እንጂ ከታጠበ ጠርሙስ አይደለም። ከእሱ የሚጠብቃችሁ አሲዱ ነው። ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል)፣ ከ4.6 በታች ከወረደ በኋላ ስፖሩ በቅሎ መርዝ ሊያመርት አይችልም። እዚያ እስኪደረስ ድረስ ደግሞ ጨው አለ። ስለዚህ ጨውን በማንኪያ ግምት ሳይሆን በሚዛን መመዘን፣ ጠርሙስ ከመቀቀል ይልቅ ለደኅንነታችሁ ይቀርባል። የፒኤች መለኪያ ወረቀት ቤት ውስጥ ቢኖር ደግሞ የበለጠ።

አሁን ወደ ጠርሙሱ እንመለስ።

በዚህ ነገር ሦስት ደረጃ አለ። ማጽዳት የሚታየውንና የሚዳሰሰውን ቆሻሻ ማስወገድ ነው። ሳኒታይዝ ማድረግ የቀሩትን ተህዋስያን ጉዳት ወደማያደርሱበት ቁጥር ማውረድ ነው። ማምከን ደግሞ ስፖሩን ጨምሮ ሁሉንም መጨረስ ነው፤ ይሄኛው በቤት ኩሽና ውስጥ ያለ ግፊት ማብሰያ እምብዛም አይሳካም፤ ብዙ ሰው «አመከንኩት» ሲል ሳኒታይዝ ማድረጉ ነው። ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ያልጸዳ ዕቃ ሳኒታይዝ አይደረግም። የምግብ ቅሪት ክሎሪንን ያባክነዋል፤ ቅባት አልኮሉን ከባክቴሪያው ጋር አያገናኘውም። ባክቴሪያ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ሲደላደል ራሱን የሚሸፍንበት የሚያሟልጭ ሽፋን ይሠራል፤ ባዮፊልም ይሉታል። ጠዋት ጥርሳችን ላይ በምላሳችን የሚሰማን ያ ሻካራ ነገር ከእሱ ወገን ነው። ይህን የሚያነሳው ፍትጊያ ነው። ኬሚካሉ ከላይ ከላዩ ያልፈዋል።

እጥበቱ የሚጀምረው ጠርሙሱ ባዶ በሆነበት ቅጽበት ነው። የተረፈው ፈሳሽ እንደተደፋ ወዲያው ውሃ ሙሉበት። ውሎ ያደረ ቅሪት ደርቆ ይጋገራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ልፊያ በገዛ እጅ የመጣ ነው። ወተት ወይም እርጎ የነበረበት ከሆነ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቅ፤ ሙቅ ውሃ የወተቱን ፕሮቲን አርግቶ መስታወቱ ላይ ያጣብቀዋል። ሌላው ሁሉ ግን ሙቅ ውሃና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ነው የሚፈልገው። ሳሙናው ቅባቱን ከመስታወቱ ላይ አላቅቆ ውሃው ይዞት እንዲሄድ ያደርጋል። ሥራው ይኸው ነው፤ ጀርም ካልገደለ ብላችሁ አትናቁት፤ ጀርሙን ከነቤቱ ጠርጎ ያወጣዋል።

ስፖንጁን ግን ተውት። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት ያገለገሉ የኩሽና ስፖንጆችን መርምሮ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከ50 ቢሊዮን በላይ የሚደርስ ባክቴሪያ አግኝቷል። በዚህ ነገር ጠርሙስ አጠብኩ ማለት ትንሽ ያስቃል። ለጠርሙስ ብቻ የተለየ ረጅም እጀታ ያለው ብሩሽ ይኑራችሁ፤ ታጥቦ የሚደርቅ፣ ለመጥበሻና ለድስት የማይወጣ። የብረት ሽቦ አትጠቀሙ። ሽቦ መስታወቱን ይጭረዋል፤ ጭረት ደግሞ ሁለት ጣጣ አለው፣ ቆሻሻ ይደብቃል፣ መስታወቱም በሙቀት ጊዜ ከዚያው ቦታ ይሰነጠቃል። አፉ ጠባብ ሆኖ ብሩሽ የማይገባበት ከሆነ ጥቂት ጥሬ ሩዝ ወይም ደረቅ ያለ ጨው ከሙቅ ውሃና ከሳሙና ጋር ጨምራችሁ አፉን ይዛችሁ በኃይል ነቅንቁት። እኔ ግን አንገቱ ጠባብ ጠርሙስ ለአትክልት ባትጠቀሙ እመርጣለሁ። እጅ የማይገባበትን ዕቃ ንጹህ ነው ብሎ መማል ይከብዳል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ቦታ ትከሻው ነው፤ ጠርሙሱ ከአንገቱ ወደ ሆዱ የሚሰፋበት ጥግ። ብሩሹ ቀጥ ብሎ ገብቶ ታችኛውን ሲያሽ ትከሻውን ሳይነካው ይወጣል። ጠርሙሱን በብርሃን አንጻር አዘንብላችሁ ካያችሁት እዚያ ላይ ጭጋግ መሳይ ቀለበት ታያላችሁ። ብሩሹን አጠፍ አድርጋችሁ እሱን ለብቻው ፈትጉት። ከዚያ የመጨረሻውን ፈተና ስጡት። ጠርሙሱን በንጹህ ውሃ ሞልታችሁ ድፉትና ግድግዳውን ተመልከቱ። ውሃው እንደ ስስ መጋረጃ አንድ ላይ ከወረደ መስታወቱ ንጹህ ነው። እዚህም እዚያም ተንጠባጥቦ፣ ተቆራርጦ፣ ደሴት ደሴት ሠርቶ ከቀረ ቅባት አለ፤ እንደገና ወደ ሳሙናው። ይሄ ፈተና ነጻ ነው፣ ዕቃ አይፈልግም፣ ከማንኛውም በጠርሙስ ከሚሸጥ ተአምር ይልቅ አምነዋለሁ።

መስታወቱ ላይ ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ከቀረና ሳሙና አልነካው ካለ ቆሻሻ ላይሆን ይችላል። የውሃው ካልሲየም ነው። ለእሱ አቼቶ አለ። ሞቅ ካለ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ግማሽ ሰዓት ብትተዉት ይለቃል። አቼቶ የሚሠራው ይሄንን ነው። ጀርም ገዳይ አድርገው የሚያወሩለት ግን ብዙ ነው፤ እኔ በአቼቶ ብቻ ሳኒታይዝ አደረግኩ የሚል ሰው አያሳምነኝም። አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅሎ አረፋውን እያዩ መደሰት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። አንዱ አሲድ፣ ሌላው የአሲድ ተቃራኒ። ተገናኝተው ሲንተከተኩ እርስ በርስ ተጨራርሰው ነው፤ የሚቀረው ጨዋማ ውሃና የወጣ ጋዝ ነው። ለየብቻቸው ግን ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው። ለምሳሌ የድሮ ወረቀት ተነቅሎ ሙጫው እምቢ ካለ ቤኪንግ ሶዳን ከጥቂት የምግብ ዘይት ጋር ለውሳችሁ ቀቡት፤ ትንሽ ቆይቶ በጨርቅ ሲታሽ ይነሳል።

ክዳን ላይ ደረስን፤ የምቆይበትም እዚህ ነው።

መስታወት ለስላሳ ነው፣ ቀዳዳ የለውም፣ ሽታ አይዝም። አንዴ ከታጠበ ታጠበ። ክዳን እንዲህ አይደለም። ጥርስ አለው፣ ጎማ አለው፣ እጥፋት አለው። ባለ ሽቦ መቆለፊያ ጠርሙስ ካላችሁ አሁኑኑ ሂዱና ጎማውን በጥፍራችሁ ወይም በማንኪያ እጀታ ፈልቅቁት። በቢላ አይደለም፣ ትቆርጡታላችሁ። ከሥሩ ጠይም ወይም ብርቱካናማ ቀለበት ካገኛችሁ አትደንግጡ። ያለፈው ነጭ ሽንኩርት፣ የካሮቱ ቀለም፣ የደረቀ የጨው ውሃ፣ አንዳንዴም የሚያሟልጭ ነገር አብሮ አለ። በጣታችሁ አሽታችሁ አሽትቱት። ጠርሙሱ ስንት ጊዜ ቢቀቀል ይህ ቀለበት ጎማው ሥር ተኝቶ ነው የሚከርመው፤ ጎመኑ ጋዝ ሲያመርት የጨው ውሃው ወደ ላይ ይወጣና ያንን አጥቦ ይዞ ይመለሳል።

ጎማውን አውጥታችሁ በሙቅ ውሃና በሳሙና በሁለቱም በኩል እሹት፤ የተቀመጠበትን ቦይ በአሮጌ፣ ግን በታጠበ የጥርስ ብሩሽ ዙሩት። የሚጠመዘዝ ክዳን ከሆነ የጥርሱን ውስጥ፣ የጠርሙሱንም አንገት ጥርስ በዚያው ብሩሽ። አየር የሚያስወጣ ቫልቭ ያለበት ክዳን ተፈታቶ ነው የሚታጠበው፤ የማይፈታታ ከሆነ አልወደውም፣ ሌላ እፈልጋለሁ። አትክልቱን ከጨው ውሃው በታች አፍኖ የሚይዘውን ክብደት አትርሱት። የመስታወት ከሆነ ቀላል ነው። ድንጋይ ከሆነ ግን ቀዳዳ ያለውን ዓይነት ተጠንቀቁ፤ አንዳንዱ ድንጋይ ደግሞ አሲድ ሲነካው ይሟሟል።

የብረት ክዳን ሌላ ችግር አለው። ጨውና አሲድ ብረት ይበላሉ። የውስጡ ሽፋን በአንድ ቦታ እንኳ ከተፋቀ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። ዝገት የጀመረው ክዳን አይፈተግም፣ ይጣላል። የፕላስቲክ ክዳን ከዝገት ያድናል፤ ሽታ ግን ይይዛል። ነጭ ሽንኩርት የገባበት የፕላስቲክ ክዳን ለእርጎ ጠርሙስ አይመለስም፤ አንዱን ለአንዱ ለይቶ መያዝ ነው የሚሻለው።

የጠርሙሱን ከንፈርም እዩት። ጣታችሁን አታዙሩበት፣ ትቆረጣላችሁ። ጥጥ ያዙና በቀስታ ዙሩት። የተሸረፈ ቦታ ካለ ክሩን ይይዘዋል። የተሸረፈ ጠርሙስ በደንብ አይከደንም፤ ስባሪውም ምግቡ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለእርሳስና ለእስክርቢቶ ይሁን።

ሳኒታይዝ የማድረጉ ጉዳይ መቼ ነው የሚመጣው? ጠርሙሱ ሻጋታ ይዞ ከነበረ። ምን እንደነበረበት የማታውቁት፣ ከሌላ ሰው የመጣ ከሆነ። ቤት ውስጥ የታመመ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም የሰውነቱ መከላከያ የደከመ ሰው ካለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የምትሠሩት እርጎ ወይም ሌላ የወተት ነገር ከሆነ። ወተት ጨው የለውም፣ መነሻውም አሲድ አይደለም። ሞቅ ብሎ ለሰዓታት ይቀመጣል። ባክቴሪያ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ማረፊያ አያገኝም። ጎመን ላይ የምለውን መዝናናት ወተት ላይ አልልም። ከጣፋጭ ሻይ ተብላልቶ ከሚሠራው ከኮምቡቻ ጋርም ጠንቀቅ ማለት ጥሩ ነው፤ እዚያ ሥራውን የሚሠራው እናንተ የጨመራችሁት ጀማሪ እርሾ ስለሆነ ሌላ ተህዋስ ባይሻማው ይመረጣል።

እንግዲህ መቀቀል ከተፈለገ በወጉ ይቀቀል። ድስቱ ሥር ጨርቅ ይነጠፍ። ጠርሙሱ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ይጀምርና አብሮ ይሙቅ፤ ውሃው ከአፉ በላይ ይሁን። ቆጠራው የሚጀምረው ውሃው ከፈላ በኋላ ነው፤ 10 ደቂቃ። ይህ እስከ 300 ሜትር ከፍታ ድረስ ላለ ቦታ ነው። ከዚያ በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ደቂቃ ይጨመራል፤ ምክንያቱም ከፍ ባለ ቦታ ውሃ የሚፈላው በአነስተኛ ሙቀት ነው። 2,400 ሜትር ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ 17 ደቂቃ ይሆናል ማለት ነው። ተራ ባክቴሪያ፣ እርሾና ሻጋታ ግን 92 ዲግሪም አይችሉም። ጎማው ሁልጊዜ መቀቀል ላይወድ ይችላል፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

የጠርሙስ መሰንጠቅ የሚመጣው ከሙቀቱ ሳይሆን ከድንገቴው ነው። መስታወት ሙቀትን ቶሎ አያስተላልፍም። አንዱ ወገኑ ሞቆ ሲለጠጥ ሌላው ገና ቀዝቃዛ ሆኖ እምቢ ይላል፤ ያኔ ነው ጧ የሚለው። ከማቀዝቀዣ የወጣ ጠርሙስ ላይ የፈላ ውሃ አትጨምሩ፤ የፈላውንም አውጥታችሁ እርጥብ ድንጋይ ላይ አታስቀምጡ፣ ደረቅ ፎጣ ይነጠፍለት። ቦሮን የገባበት የቤተ ሙከራ መስታወት በሙቀት የሚለጠጠው የተራው መስታወት ሲሶ ያህል ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው እሱ የሚችለው። የጃም ወይም የቡና ጠርሙሳችሁ ግን ተራው ነው።

ኦቭን ውስጥ ማድረግ የሚወዱ አሉ። አልመክርም። ደረቅ አየር ሙቀት ሲያስተላልፍ ሰነፍ ነው፤ በደረቅ ሙቀት በትክክል ለማምከን በ160 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ጠርሙሱም ለዚያ አልተሠራም። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ያለው ሰው ግን በከፍተኛ ሙቀት የሚያጥበውን ፕሮግራም ይጠቀምና ይገላገል፤ ክዳኑን በእጁ ካጠበ በቂ ነው።

እኔ ሳኒታይዝ ማድረግ ካለብኝ ከድስቱ ይልቅ በረኪና ይቀለኛል። ሽቶና ማወፈሪያ ያልገባበት ተራ በረኪና። ከ5 እስከ 6 በመቶ ከሆነ ለአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 4 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ከሻይ ማንኪያ ትንሽ ጎደል ያለ ማለት ነው። ጠርሙሱ ውስጡ በሙሉ ይራስ፣ ሁለት ደቂቃ ይቆይ፣ ይደፋ። በዚህ መጠን ሳይለቀለቅ ቢደርቅም ይቻላል፤ እኔ ግን በሚጠጣ ውሃ አንዴ አለቀልቀዋለሁ። ብዙ ማድረግ አይጠቅምም። ሙቅ ውሃ አይጠቅምም፤ ክሎሪኑ ቶሎ ይጠፋል። የተበጠበጠው ለነገ አይቀመጥም፣ የዚያኑ ቀን ይሠራበት። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው በረኪና ራሱ ከቆየ ይደክማል። አቼቶና በረኪና በምንም ተአምር አይገናኙ፤ መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም እንዲሁ። ካልሲየሙን በአቼቶ ካጠባችሁ በኋላ በደንብ ሳታለቀልቁ ወደ በረኪናው አትሂዱ።

አልኮልም ይሆናል፤ ለክዳንና ለከንፈሩ በተለይ ይመቻል። 70 በመቶው ከ95ቱ ይሻላል። ነገሩ ግራ ያጋባል፣ ግን ውሃው ነው አልኮሉ ወደ ባክቴሪያው ውስጥ እንዲገባና ፕሮቲኑን እንዲያበላሽ የሚረዳው። ሜታኖል የተቀላቀለበት የማንደጃ አልኮል አይሆንም። እሳት አጠገብም አትርጩ። ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች የሚጠቀሙበት ስታር ሳን የሚባለው ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ፈሳሽ ደግሞ ሳይለቀለቅ የሚሠራ ነው፤ ለሚያዘወትር ሰው ጥሩ ነው፣ በዓመት ሁለት ጠርሙስ ጎመን ለሚሠራ ግን ወጪ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጠርሙሱን በኩሽና ፎጣ መወልወል ልፋቱን ገደል መክተት ነው። ፎጣው እጅ ተጠርጎበታል፣ ጠረጴዛ ተወልውሎበታል። ጠርሙሱን ሽቦ መደርደሪያ ላይ አዘንብላችሁ አፉን ወደ ታች አድርጉት፤ አየር ይግባው፣ በራሱ ይድረቅ። ለጥ ባለ ቦታ ላይ ከደፋችሁት እንፋሎቱ ውስጡ ታፍኖ ይቀራል። አትክልት ለመክተት ግን ጠርሙሱ የግድ መድረቅ የለበትም፤ ጎመን የራሱን ውሃ ያወጣል፣ ጥቂት የንጹህ ውሃ ጠብታ ምንም አያደርገውም። ባዶውን የምታስቀምጡ ከሆነ ነው ደረቅ መሆን ያለበት። ያኔም ክዳኑን አትግጠሙ። ጎማውን አውጥታችሁ ጠርሙሱ ውስጥ ጣል አድርጉት፣ አፉን በንጹህ ጨርቅ ሸፍኑት።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ጎመኑ ላይ ነጭ ነገር በወጣ ቁጥር «ጠርሙሱ ቆሻሻ ነበር» ይባላል። ብዙ ጊዜ አይደለም። ሻጋታ አየር ይፈልጋል። ስፖሩ የትም አለ፣ አሁን እየተነፈስነው ነው። ከጨው ውሃው በላይ ተንሳፎ የቀረ አንድ ቁራጭ ቅጠል ካገኘ ይበቃዋል፤ ጠርሙሱ ሦስት ጊዜ ቢቀቀልም ያው ነው። ቅጠሉ ከፈሳሹ በታች ይሁን፣ ከላይ ያለው ግድግዳ በንጹህ እርጥብ ወረቀት ይጠረግ። ከላይ የሚወጣ ጠፍጣፋ፣ ክሬም መሳይ፣ የተሸበሸበ ነጭ ሽፋን ደግሞ ሻጋታ አይደለም፤ ካም የሚባል እርሾ ነው። ጣዕም ያበላሻል እንጂ አይጎዳም፤ ገፎ መጣል ነው። ፀጉር መሳይ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ከሆነ ግን ሙሉውን ጣሉት። ላዩን ገፍፌ ሥሩን ልብላ የሚለው ክርክር አይዋጥልኝም።

ሻጋታ የያዘውስ ጠርሙስ ይጣል ወይ? መስታወቱ አይጣልም። ምግቡን በፌስታል ቋጥራችሁ ከቤት አውጡት፤ ሽታው ምን እንደሚመስል ለማወቅ አፍንጫችሁን አታስገቡ። ጠርሙሱን በሙቅ ውሃና በሳሙና ፈትጉ፣ አለቅልቁ፣ ከዚያ በረኪናው። ብሩሹም አብሮ ይነከር። የፕላስቲክ ክብደቱ ከተጫጫረ ይቀየር። የእንጨት መጠቅጠቂያው ይታጠብ፣ ይቀቀል፣ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ። ጎማው ግን አዲስ ይገዛ።